ላልተሮጠ ሩጫ ዳኝነት

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በቡሬ ከተሞች ክረምቱ ረዥም ነው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር ሰው በየሻይ ቤቱና በየጠጅ ቤቱ ይሰባሰባል፤ ወሬውም ከቡና ዋጋ ተነሥቶ፣ በመንገዱ ጭቃ በኩል አልፎ፣ ዞሮ ዞሮ ከሩጫ ላይ ያርፋል። በኦሮምኛ የተጀመረው ክርክር በአማርኛ ይጋጋላል፤ በአማርኛ የተጀመረውም በኦሮምኛ ይበርዳል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ሁለቱም በሙሉ ጉልበታቸው ሳሉ፣ በአንድ መነሻ መስመር ላይ ቢቆሙ ኖሮ ማን ይቀድም ነበር? ይህም ጥያቄ ልጆችን ይወልዳል። ምሩፅ ይፍጠር በመጨረሻው ዙር ማርሽ ቀይሮ ቀነኒሳ በቀለን ያመልጠው ነበርን? ደራርቱ ቱሉና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለቱም በለጋ ዕድሜያቸው ቢገናኙስ?

እነዚህ ሯጮች የተወለዱት በሸዋ፣ በአርሲና በትግራይ ነው። የኢሉባቦር ተከራካሪ ግን የአባቱን መሬት ወሰን እንደሚያስከብር ሰው ከመቀመጫው እየተነሣ ይሟገትላቸዋል። ዋንጫ የለበት፣ ገንዘብ የለበት፤ አብዛኞቹ ተሟጋቾችም አበበን በዐይናቸው አላዩትም። ሻምበሉ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ካረፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል።

የተማረው ክፍል ይህን ሙግት ሲሰማ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዲሉ፣ ያልተሮጠ ሩጫ አሸናፊ የለውምና ክርክሩ ከንቱ ነው ባይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ክርክር በመሠረቱ ችሎት ነው፤ የሚታየውም ጉዳይ ከባድ ጉዳይ ነው። የሰው ታላቅነት የራሱ የሰውየው ገንዘብ ነው ወይስ ዘመኑ ያበደረው? ይህን ጥያቄ ከሻይ ቤቱ ውጭም በየቀኑ እንፈርድበታለን። መምህሩ የዘንድሮውን ተማሪ ከዱሮው ተማሪ ጋር ያነጻጽራል፤ ካድሬው በግምገማ ላይ የዛሬውን ወጣት ከትናንቱ ታጋይ አጠገብ አቁሞ ይመዝናል፤ ሐያሲው አዲሱን ባለቅኔ ከሞተው ባለቅኔ ጋር ያታግላል። በሻይ ቤት የተሳሳተ ፍርድ ከሳቅ አያልፍም። ያው ስሕተት በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲደገም ግን ሰው ይጎዳበታል። ስለዚህ ችሎቱን በቅርብ መመርመር ተገቢ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለዳኝነት የሚጠራው ሰዓት ነው። ሰዓት ዘመድ የለውም፣ አያዳላም ይባላል። እንግዲህ እንጠይቀው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ፤ እስከዚያን ዕለት ድረስ ከዚያ ፈጥኖ የሮጠ አልነበረም። ኃይሌ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በበርሊን ይህንኑ ርቀት በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨረሰ። ቀነኒሳም ከ11 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ከተማ፣ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ አስመዘገበ። በሰዓቱ ፍርድ መሠረት ቀነኒሳ የመጨረሻውን መስመር ሲያቋርጥ የሮሙ አበበ ገና አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል።

ሰዓቱ ግን ፍርዱን በዚህ አያቆምም። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገባች፤ በጊዜው የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ወርቅ ያጠለቀበት፣ በዘመኑ የወንዶች የዓለም ክብረ ወሰን የሆነው ጊዜ ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው። በሰዓቱ ዳኝነት ትዕግስት ሻምበሉን በ18 ሴኮንድ ትቀድመዋለች። ይህን በመቱ ጠጅ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የሚገጥመውን ጸጥታ መገመት አያዳግትም።

ከጸጥታው በኋላ የሚመጣው መልስ ነው ነገሩን የሚገልጠው። ለኃይሌ ሲሆን ሰዓቱን የተቀበለው ሰው፣ ለትዕግስት ሲሆን ጫማውን ያነሣል። እውነትም ጫማው አለ፤ ትዕግስት የሮጠችበት ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ውስጡ የካርቦን ዘንግ ያለበት፣ እግርን ወደ ፊት የሚያስፈነጥር የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ወንድ አሯሯጮችም አሉ፤ በበርሊን ወንድና ሴት አብረው ስለሚሮጡ ነፋሱን የሚከላከልላት፣ ፍጥነቱንም የሚጠብቅላት ሰው ከፊቷ ነበር። አበበ ደግሞ በሮም የጥንት ድንጋይ መንገድ ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቀነኒሳ በ2012 ዓ.ም. የሮጠበትም ጫማ የዚሁ አዲስ ትውልድ ነበር፤ ኃይሌም ቢሆን አሯሯጮች ነበሩት። ጫማው ለሴቲቱ ሲሆን ይቆጠራል፣ ለወንዶቹ ሲሆን ይታለፋል ማለት ነውን? ሰዓት አያዳላ ይሆናል፤ ሰዓቱን የሚያነበው ሰው ግን መቼ ማንበብ እንዳለበት አስቀድሞ ወስኖ ይመጣል።

ፍትሕ ይሁን ካልን እንግዲህ ሁሉንም እኩል ልናራቁታቸው ይገባል። ከትዕግስት ጫማዋን እንውሰድ፤ ከኃይሌ አሯሯጮቹን፣ ከቀነኒሳም ለስላሳውን የመሮጫ መም እንውሰድ። ወይም በተቃራኒው ለአበበ ይህን ሁሉ እንስጠው፤ የዘመኑን ጫማ፣ የዘመኑን ሕክምና፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚጋጠማቸውን ብርቱ ተፎካካሪዎች እንጨምርለት። ከዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ይገጥመናል። ኢሉባቦር የቡና አገር ነውና በቡና እንናገር፤ ጀንፈል ሲፈለፈል ገለባው ይወድቅና ፍሬው እጅ ላይ ይቀራል። ሰውን ከዘመኑ ፈልፍለን ስናወጣው የሚቀረው ፍሬ ምንድን ነው? ከክብር ዘበኛ ሰፈር ያልወጣ፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ያላለፈ፣ በባዶ እግሩ ያልሮጠ አበበ እሱ ራሱ አበበ ነውን? ስሙን የያዘ ሌላ ሰው ከመነሻው መስመር ላይ አቁመን፣ ሌላው ሰው ሲያሸንፍ ለአበበ ማጨብጨብ ይሆናል።

አባቶች «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብለዋል። ተረቱ ስለ ጊዜ ኀይል እውነት ይናገራል፤ ስለ ቅሉ ግን ይበድላል። ጊዜ ድንጋይ መስበርን ለአንድ ቅል ብቻ አይሰጥም፤ ያው ጊዜ በአንድ ማሳ ላይ ላለው ቅል ሁሉ ተሰጥቶ ሳለ አንዱ ብቻ ሰበረ። በሮም ሌሊቱ፣ መንገዱና ርቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ቀድሞ የገባው አበበ ነው። በመሆኑም ሰውን ከዘመነኞቹ ጋር ማነጻጸር ከሁሉ የተሻለው ሚዛን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። በቶኪዮ አበበ ሁለተኛውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ፤ ለዚያውም ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት። ኃይሌ ግን መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በአንድ ሴኮንድ ዘጠኝ መቶኛ ነው፤ በዐይን ለመለየት የሚያስቸግር ርቀት ነው። ይህ ሚዛን አበበን ያገዝፋል። ነገር ግን ኃይሌን ያሳነሰው ምንድን ነው? የቴርጋት መኖር ነውን? ብርቱ ባላጋራ ማግኘት ታላቅነትን የሚቀንስ ከሆነ፣ ከደካሞች መካከል መወለድን እንደ ጀግንነት ልንቆጥር ነው።

ይህን ነገር ጎሬ ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት የዚህ አገር ቡና በሰውና በበቅሎ ጀርባ ከጎሬ አፋፍ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርድ ነበር፤ በዚያም የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ወደ ሱዳን ይወስዱት ነበር። ጎሬ ያኔ የነጋዴ፣ የመኳንንትና የቆንስል ከተማ ነበረች። ኋላ ግን የንግዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ርዕሰ ከተማነቱ ወደ መቱ ተዛወረ። ዛሬ የጎሬ ሽማግሌና የመቱ ወጣት ከተማቸውን ሲያወዳድሩ ነገሩ ያው የአበበና የኃይሌ ሙግት ነው። ወጣቱ የመቱን ፎቅ ይቈጥራል፤ ሽማግሌው የጎሬን ዘመን ይቈጥራል። ጎሬ አልደከመችም፤ መንገዱ ነው የዞረባት። መቱም አልበረታችም ማለት አይደለም፤ መንገድ ሲመጣ መቀበል እሱም ራሱ ብርታት ይጠይቃል። ወደ ጋምቤላ ይወርድ የነበረ አንድ ተሸካሚ በሙሉ ክረምት የሚያደርሰውን ቡና የዛሬው የአይሱዙ ሾፌር በአንድ ሌሊት ጭኖ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሾፌሩን ጀግና፣ ተሸካሚውን ደካማ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ለሯጮች ሲሆን ግን ይህንኑ እንላለን፤ ለተማሪዎች ሲሆንማ ምን ይባላል።

ጎሬን ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ነገር መታለፍ የለበትም። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር እጅ ስትወድቅ፣ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው በዚያ ነበሩ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬም ተያዘች። ከዚያ በኋላ 24 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ አንድ የኢትዮጵያ ወታደር የጣሊያን ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ነቅለው ባቆሙት ሐውልት አጠገብ በባዶ እግሩ አልፎ፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ጠላት ጎሬ ሲገባ ዐይኑ ያየ ሰው ያን ዜና ሲሰማ የተሰማውን ነገር በየትኛው ሰዓት እንለካዋለን? ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ከሮም አደባባይ የለም። ሯጮቹን ሁሉ ከመቃብር ብናስነሣ እንኳ ያንን ሩጫ መድገም አንችልም።

ነገር ግን የአበበ ወዳጆች በዚህ ፈጥነው እንዳይደሰቱ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን የጊዜ ስጦታ ነው። ጊዜ ለቀነኒሳ ጫማ ሰጠ፤ ለአበበ ደግሞ ሐውልት፣ ችቦና ዋዜማ ሰጠ። ጫማውን ከአንደኛው የምንቀንስ ከሆነ ሐውልቱንም ከሌላው ልንቀንስ ይገባል።

ከሰዓት ቀጥሎ ለዳኝነት የተጠራው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 መሪ ዎሮነር የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰው፣ የየዘመኑን የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮኖች ጠባይ ለኮምፒውተር መግቦ፣ የማይገናኙትን ሰዎች አገናኝቶ በሬዲዮ አጋጠማቸው። በዚህ ግጥሚያ መሐመድ አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተብሎ ተነገረ። ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1905 ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ለጥቁር ተወዳዳሪ ዘውዱን አላስነካም ያለ ነጭ ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1910 ተመልሶ በሪኖ ከተማ ከጥቁሩ ሻምፒዮን ከጃክ ጆንሰን ጋር ተጋጥሞ ተደብድቦ ወርዷል። አሊ ደግሞ በዚያው በ1967 ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ዘውዱን የተነጠቀ ሰው ነበር። እንግዲህ እውነተኛው መድረክ በ1910 የሰጠውን ፍርድ ማሽኑ ከ57 ዓመት በኋላ ገልብጦ፣ በጥቁር ባላጋራ ላይ በር የዘጋውን ሰው በር በተዘጋበት ሰው ላይ አነገሠው። ማሽን የሚመልሰው ያጐረሱትን ነው። አሊ ነገሩን እንደ ስድብ ቈጥሮ ክስ መሠረተ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከክሱ በኋላ በተደረገው ስምምነት አሊ ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ለፊልም እንዲጋጠም ተደረገ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ1956 ከመድረክ የወረደ፣ በቀረፃው ጊዜ 45 ዓመት የሆነው ሰው ነበር፤ ውፍረቱን ቀንሶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቶ ቀረበ። ሁለቱ ሰዎች በባዶ አዳራሽ ለካሜራ ተጫወቱ፤ ልዩ ልዩ መጨረሻዎችም ተቀረፁ። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1969፣ ማርሲያኖ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጥር 1970 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ በ13ኛው ዙር አሊን ሲጥለው ታየ፤ በአውሮፓ በታየው ቅጂ ደግሞ አሸናፊው አሊ ነበር። ተመልካች ሊያይ የወደደው ሁሉ እንደየአገሩ ተዘጋጅቶለታል።

የእኛ ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። ሙትን መውቀስ እንዲህ ካስፈራ፣ ሙትን ማሸነፍስ? እኔ በሙያዬ የሞቱ ሰዎችን በመድረክ ላይ የማቆም ሰው ነኝና ይህ ጥያቄ በቀላሉ አያልፈኝም። ንጉሡም፣ ዐርበኛውም፣ ከሃዲውም በእኔ ብዕር ይናገራሉ፤ ሊቃወሙኝም አይችሉም። ከልምድ የተረዳሁት ግን፣ ሙቱ ደራሲውን የማሸነፍ ዕድል በሌለበት ተውኔት ውስጥ ሙቱ ሰው መሆኑ ቀርቶ አሻንጉሊት መሆኑን ነው። ተመልካቹም ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ነገሩ ይታወቀዋል፤ በወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል። የዎሮነር ጥፋት ሙታንን ከሕያዋን ጋር ማጋጠሙ አይደለም። ጥፋቱ ውጤቱን በገበያ መቁረጡ ነው። ከዚህ አንጻር የመቱ ጠጅ ቤት ከማሽኑ ይሻላል፤ በዚያ የአበበ ጠበቃ አለ፣ የኃይሌም ጠበቃ አለ፣ እርስ በርሳቸውም ይደማመጣሉ፤ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ብርሌ ድረስ። ከሁሉ የሚከበረው ተከራካሪም የሚወደው ሯጭ በምን መንገድ ሊሸነፍ እንደሚችል መናገር የሚችለው ነው።

«ይህ ሁሉ ቢገናኙ ኖሮ የሚመለስ ነበር» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግዲህ ሁለት ዘመኖች በእርግጥ የተገናኙበት ጊዜ አለ። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ በ26 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ከ57 ማይክሮ ሴኮንድ እየተባለ በሚነገረው ጊዜ አንደኛ፣ ኃይሌ ከአንድ ሴኮንድ ትንሽ ዘግይቶ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስሕን ሦስተኛ ወጡ። (ማይክሮ ሴኮንድ ማለት የጋዜጠኞቻችን ልማድ ነው እንጂ ትክክሉ መቶኛ ሴኮንድ ነው።) በዓመቱ በአቴንስ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ሲወስዱ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ክርክሩ አበቃን? ከቶ አላበቃም። «ኃይሌ ተጎድቶ ነበር፤ ዕድሜውም 31 ደርሶ ነበር፤ በ23 ዓመቱ ቢያገኘው ኖሮ» ተባለ። በአካል የተገናኙትን ሰዎች ሰው መልሶ ለያያቸውና እንደገና በሐሳብ አጋጠማቸው።

ስለዚያ የአቴንስ ሩጫ ግን ሰዓት ያልመዘገበው አንድ ነገር አለ። ሩጫው እየተካሄደ ሳለ ሁለቱ ወጣቶች ደጋግመው ወደ ኋላቸው ይመለከቱ፣ ፍጥነታቸውንም ያበርዱ ነበር፤ ኃይሌ እንዲደርስባቸው ይጠብቁት ነበር። ሰዓቱ ይህን የዘገየ ዙር አድርጎ ብቻ ያውቀዋል። እኔ ግን በዘመናት መካከል የተደረገ እውነተኛ ግጥሚያ አሳዩኝ ብባል ያቺን አንገት ማዞር አሳያለሁ። ቀነኒሳ ኃይሌን ሊቀድመው ይችል ነበር፤ ቀደመውም። ኃይሌ ባይኖር ኖሮ እሱ በዚያ ስፍራ እንደማይገኝም የሚያውቅ ይመስል ነበር።

በትምህርት ቤቶቻችን ይህን አንገት ማዞር ብዙ ጊዜ አናይም። «በእኛ ጊዜ ተማሪ ማለት ተማሪ ነበር» የሚል መምህር በመቱም በአዲስ አበባም አለ። በእሱ ጊዜ ከስንት ልጅ አንዱ ነበር ክፍል የሚገባው? ዱሮ ከኢሉባቦር ገጠር ተመርጦ፣ ብዙ ቀን ተጉዞ ከፍተኛ ትምህርት የደረሰውን አንድ ልጅ፣ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ባላት መቱ ከሚማሩት ሺዎች ሁሉ ጋር ማወዳደር የአበበን ሰዓት በበርሊን ጎዳና ላይ ከሚሮጠው ሕዝብ ሁሉ አማካይ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ወጣቱም በበኩሉ ስልኩን አውጥቶ መምህሩ በአንድ ዓመት ያነበበውን በአንድ ሰዓት አገኘሁት ሲል ያው ጫማውን እየቈጠረ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በምናባችን ሩጫ ውስጥ የሚገቡት ዕድል ያገኙት ብቻ ናቸው። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በ1988 ነው። ኢትዮጵያ በሁለቱም ኦሊምፒኮች አልተገኘችም። ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና አሸንፋ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪቃዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ለጥቁር አፍሪቃዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ከደራርቱ በፊት የተወለዱት ሴቶችስ? እንስራ አዝላ ከሶር ወንዝ ዳገቱን በየቀኑ የወጣችውን እናት ከማን ጋር እናሩጣት? መስመሩ ራሱ አልተሰመረላትም። በጠጅ ቤት «ሴት ሯጭ ዱሮ የት ነበረች?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምመልስለት ይህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ወደ እግር ኳስ ያዞራል።

በላይነህ ዲንሳሞም አለ። በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጠ፤ ያ ክብረ ወሰን ዐሥር ዓመት የሚደፍረው አጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ በተደረገው የሴኡል ኦሊምፒክ ግን ኢትዮጵያ ስላልተካፈለች አልሮጠም፤ ወርቁን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ ወሰደው። አበበና ኃይሌን የለያያቸው ተፈጥሮ ነው፤ የሚከሰስ ሰው የለም። በላይነህንና ቦርዲንን የለያያቸው ግን የሰው ውሳኔ ነው። ጊዜ ስለ ከለከለው ሩጫ እንዲህ የምንጨቃጨቅ ሰዎች፣ ሰው ስለ ከለከለው ሩጫ ዝም ማለታችን ይገርመኛል።

ስለዚህ በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ክርክር የአበበና የኃይሌ አይደለም። የምሩፅ ይፍጠርና የፊንላንዳዊው የላሴ ቪረን ነው። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ቪረን መሐል ላይ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ ምሩፅ ሦስተኛ ወጣ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩፅ በ27 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ አንደኛ ሲወጣ ቪረን አምስተኛ ሆነ። በመካከሉ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ አለ። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪቃ በመሄዱ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪቃ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ለትልቅ ነገር የተከፈለ ዋጋ ነውና አልነቅፈውም፤ ከፋዩ ማን እንደ ነበረ ግን መርሳት የለብንም። ቪረን ያለ ምሩፅ በ27 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አሸነፈ።

ያን ሩጫ እንዲህ አየዋለሁ። ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ፣ በእርግጥም እንዳደረገው፣ ከፊት ሆኖ ይጎትታል። ቪረን ከኋላው ተለጥፎ ይሄዳል፤ ከቪረን ኋላ ደግሞ ያ ትንሽ ሰው፣ መላጣው በላብ እያበራ፣ አለ። ለቪረን መናገር ያለብኝን እናገራለሁ፤ በዚያ ዓመት በሕይወቱ ከፍተኛው ኀይል ላይ ነበር፣ መጨረሻውንም አጥብቆ የሚሮጥ፣ ወድቆ እንኳ ልቡ የማይወድቅ ሰው ነው። ሎፔዝ ሲደክም ቪረን ያልፈዋል። ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ይቀይራል፤ ቪረን ግን እንደ ሌሎቹ ወዲያው አይቀርም፣ እስከ መጨረሻው መታጠፊያ አብሮት ይሄዳል። በእኔ ዳኝነት ምሩፅ በሁለት እርምጃ ይቀድማል። በፊንላንድም ክረምቱ ረዥም ነው፤ እዚያም በአንድ ቡና ቤት ውስጥ ይኸው ሩጫ ሲዳኝ በሁለት እርምጃ የሚቀድመው ሌላው ሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም።